የኦርልኮት ቀይ አቧራ

ቀይ አቧራው ዛሬም ነበረ። ሄስተር ሞርዳንት ከመኝታ ክፍሏ ወርዳ የመግቢያው አዳራሽ ስትደርስ፣ የቤቱ ሞግዚትና ምግብ አብሳይ ወይዘሮ ታጅ ተንበርክከው የረጅሙን ጠረጴዛ እግር ሲወለውሉ አገኘቻቸው። በእጃቸው ያለው ጨርቅ ጡብ የተፈጨበት ይመስል ቀልቷል።

«ትናንት ጠርጌው ነው የተኛሁት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሠላሳ አራት ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ አቧራ አላየሁም። ከየት ነው የሚመጣው እስቲ? መስኮቱ ዝግ፣ በሩ ዝግ።»

«ከጭስ ማውጫው ይሆናል፣ ታጅዬ።»

«የጭስ ማውጫ ጥላሸት ጥቁር ነው የኔ ልጅ። ይሄ የደረቀ ደም ነው የሚመስለው።»

አቧራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ አዳራሹ ይሸታል። ዝናብ ሲመታው የከረመ ጫካ ውስጥ የበቀለ እንጉዳይ ዓይነት ሽታ ነው። አባቷ ከአትክልቱ ቦታ የመጨረሻዎቹን ጽጌረዳዎች አስቆርጠው በየጥጉ አስቀምጠዋል። ሽታው ግን አልሄደም፤ ከጽጌረዳው ሥር አድብቶ ተቀምጧል።

«ሄስተር!»

ኮሎኔል ላየነል ሞርዳንት ደረጃው አናት ላይ ቆመዋል፤ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተስተካክለው። ወንድ ልጃቸው ጃይልስ በጦርነቱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዘንጠው ያየቻቸው ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

«ረጅሙን ክፍል ከፍቼዋለሁ» አሉ። «አበባ ውሰጂበት። ልጆቹ እዚያ ነው የሚዘምሩት።»

«ከሰኔ ጀምሮ ማንም እንዳይገባ ብለው የቆለፉት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«ቀለሙ እስኪደርቅ ነው።»

«አራት ወር ሙሉ?»

«ሄስተር።»

ስሟን ብቻ ጠሩ። በዚህ ቤት የክርክር ማብቂያ ሁልጊዜ ስሟ ነበር። ቅርጫቷን አንስታ አበባ ልትቆርጥ ወጣች።

ኦርልኮት ለሽያጭ ከወጣ ስድስት ወር ሆኖታል። በሄርፎርድሺር አውራጃ የፖም እርሻዎች መካከል፣ ከመንደሩ ወጣ ብሎ የቆመ አርባ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው ከጦርነቱ ወዲህ ጠፍቷል። አንዱ ሆቴል ላደርገው ብሎ መጥቶ ጣሪያውን አይቶ ተመለሰ። ሌላዋ ከመኪናዋም አልወረደችም። ሦስተኛው ሚስተር ግሪብል የሚባል ቤት አፍራሽ ነው፤ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ የእብነ በረዱን ምድጃ በጥፍሩ አንኳኩቶ «ምድጃው ይሸጣል፣ ጣሪያው የተለበጠበት የእርሳስ ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ቀሪው ለመንገድ ጠጠር ነው» ያለ ጊዜ፣ ኮሎኔሉ እስከ በሩ ድረስ በከዘራ ሸኙት። ከዚያ በኋላ የሴት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የሆነችው ሚስ ብራይስ ጻፈች። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከአሥራ ስምንት ተማሪዎቿ ጋር ትመጣለች። ሁሉም ነገር ካማራት እዚያው ትፈርማለች።

ከመግቢያው አዳራሽ በላይ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያካልለውን ረጅሙን ክፍል ሄስተር ባሰበች ቁጥር ትዝ የሚላት ግን ሽያጩ አልነበረም። ኦወን ፕሮበርት ነበር።

ሚያዝያ ላይ ቤቱን የሚያሻሽጠው ቢሮ መርምሮ ሪፖርት እንዲጽፍ የላከው ሰው ነው። የመንደሩ አናጢ ልጅ፤ አባቱ የዚህን ቤት መስኮቶች ሲጠግን ነው የሞተው። የመለኪያውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው ሲያጣ ሄስተር «እኔ ልያዝልህ» አለችው። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ጫፍ፣ ስድስት ሳምንት አርባ ሁለት ክፍል ለኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩን ሲጽፍ ደብተሩን ብቻ ነበር የሚያየው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም ዝም አሉ። በስድስተኛው ሳምንት ረጅሙ ክፍል ውስጥ፣ ሦስተኛው መስኮት አጠገብ፣ «ሚስ ሞርዳንት» ማለቱን ትቶ «ሄስተር» አላት። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ሳይሆን «አንቺ» ሆነች። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ስሟን አዲስ እንደ ሰማችው ሁሉ ሌሊቱን ደጋግማ ለራሷ አለችው።

በማግስቱ ኦወን አልመጣም። በሳልስቱም አልመጣም። አባቷ በቁርስ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣቸውን ሳያጥፉ «ያ ልጅ ሥራውን ጨርሷል። ሌድበሪ ከተማ የእንጨት ነጋዴ ልጅ ሊያገባ ነው አሉ» አሏት። ሁለት ደብዳቤ ጻፈችለት፤ መልስ የለም። ሦስተኛውን ጀምራ ቀደደችው።

የአትክልቱ ቦታ በከፍተኛ የጡብ ግድግዳ የታጠረ ነው። ሄስተር ዳሊያ እየቆረጠች ሳለ የኋላው የእንጨት በር ሲጢጥ ሰማች።

«ሚስ ሞርዳንት።»

ዞር ከማለቷ በፊት አወቀችው። ከስቷል። ኮቱ ትከሻው ላይ ተርፏል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፤ ከመንደሩ በእግሩ እንደመጣ ያስታውቃል። «ሚስ ሞርዳንት» ያላት ግን ከቁመናው በላይ አቆሰላት።

«አባቴ ቢያዩህ…»

«አይተው ምን ያደርጉኛል? ሥራዬን አንድ ጊዜ አስወስደውብኛል። ሁለተኛ የሚወሰድ የለኝም።»

ይህን አላወቀችም ነበር። ግን የአራት ወር ኩርፊያ ቀድሟት ተናገረ። «ሙሽራዋስ? የእንጨት ነጋዴው ልጅ ደህና ናት?»

«የማ ልጅ?»

«የሌድበሪው እንጨት ነጋዴ።»

ኦወን ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ። «አዎ፣ ሴት ልጅ አለችው። ስድስት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። እሷን አገባ ተባልኩ?»

ዳሊያዎቹ ከእጇ ወደቁ። እሱ ሊያነሳላት ጎንበስ አለና መሃል ላይ ቆመ፤ የማይገባው ቦታ እንደገባ ሰው እጁን ሰበሰበ።

«አምስት ደብዳቤ ጻፍኩልዎት» አለ። «አንድ ቃል አልመለሱልኝም። አባትዎ ደግሞ ‹ልጄ ፊት ለፊት ልትነግርህ ስላፈረች እኔን ላከችኝ፤ ለጊዜ ማሳለፊያ ነበርክ› አሉኝ። በመጨረሻ አመንኳቸው። ለምን አላምንም? የእኔ አባት በዚህ ቤት የፊት በር ገብቶ አያውቅም።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«አሁን የመጣሁት ለዚያ አይደለም» አላት ፊቱን አዙሮ። «ለእርስዎ ብዬ ብመጣ ሰኔ ላይ በመጣሁ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ እንደሚመጣ ሰምቼ ነው። ልጆቹን ረጅሙ ክፍል እንዳያስገቡ። ወለሉን የሚሸከሙት ግንዶች ከውስጥ ተበልተዋል። ሪፖርቴ ላይ ጽፌዋለሁ። አባትዎ ሪፖርቱን አስጥለው፣ አንድ ሳንቃ እንኳ ያላነሳ ሌላ ሰው ‹ጤነኛ ነው› ብሎ ጻፈላቸው። ለትምህርት ቤቱ ጻፍኩ፤ ቢሮው ‹የተባረረ ቂመኛ ነው› አላቸው። ከእርስዎ አፍ ካልሆነ የሚያምነኝ የለም።»

ሄስተር ልታምነው ፈለገች፤ የፈራችውም ይህንኑ ነው። ካመነችው አባቷ ምንድን ናቸው? ስለዚህ አፏ ላይ የመጣውን የመጀመሪያ ድንጋይ አንስታ ወረወረች።

«ስለዚህ ሽያጩን ልታበላሽ ነው የመጣኸው። ሥራህን ስላስወሰዱብህ።»

የኦወን ፊት ላይ ያለው ደም ሁሉ ሸሸ።

«ሦስተኛው መስኮት ሥር ያለውን ሳንቃ ያንሱት» አለ ቀስ ብሎ። «ሚስማሩን እኔው ነቅዬዋለሁ። ከሥሩ ያለውን ግንድ በጣትዎ ይንኩት። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉኝ። እኔ ዋናው የግቢ በር ላይ ሆኜ አውቶቡሱን እጠብቃለሁ።»

ሄደ። አንዴ ዞር ቢል ትጠራው ነበር። እሱም ብትጠራው ዞር ይል ነበር። በሩ ተዘጋ፤ ሄስተር እዚያው ቆማ ቀረች፤ ትክክል መሆኗ ነው ወይስ መሳሳቷ የበለጠ የሚያስፈራት፣ አላወቀችውም።

ወጥ ቤት ስትገባ ወይዘሮ ታጅ ለእንግዶቹ ሳንድዊች ይቆርጣሉ።

«ታጅዬ፣ ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር?»

ቢላው ቆመ።

የኦርልኮት ደብዳቤ ሁሉ የሚወጣውም የሚገባውም ቁልፉ በኮሎኔሉ ኪስ በሚውል የቆዳ ቦርሳ ነው። ሄስተር ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ታውቀዋለች፤ አንድም ቀን ግን እንዲህ አስባበት አታውቅም። የወይዘሮ ታጅን ጀርባ ስታይ ገባት።

«እሳት ውስጥ ክተቻቸው አሉኝ» አሉ አሮጊቷ ሳይዞሩ። «እሺ ጌታዬ አልኩ። ምድጃውን ከፈትኩ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለምን አልሰጡኝም?»

«ፈራሁ።» አሁን ዞሩ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚህ ቤት ሌላ የት አውቃለሁ? አንቺም ለቅሶሽ ያልፍልሻል ብዬ አሰብኩ። እናትሽ ስትሞት አልፎልሻል። ጃይልስ ሲሞት አልፎልሻል። እኔ አሮጊቷ ምን አውቃለሁ…»

ከአንሶላ መደርደሪያው ሥር በመሐረብ የታሠረ ጥቅል አወጡ። አምስት ፖስታ። ሄስተር የመጀመሪያውን እዚያው ቆማ ከፈተችው።

«ሄስተር፣

ይህን የምጽፈው ከአንቺ ከተለየሁ አራት ሰዓት ሳይሞላ ነው። አባትሽ ያሉኝን ሰምቻለሁ። ከአንቺ አንደበት ካልሰማሁት ግን አልቀበለውም። ‹ሂድ› ካልሽኝ እሄዳለሁ፤ አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

አሁን የምነግርሽ ከልቤ ጉዳይ የተለየ ነው፤ እባክሽ በእኔ ላይ ያለሽ ቁጣ ይህን ከማንበብ እንዳያግድሽ። ረጅሙ ክፍል ሥር ያሉት ግንዶች ጫፋቸው ግድግዳው ውስጥ በስብሷል። እንጨት የሚበላ የእንጉዳይ ዘር ነው፤ ሲያድግ እንደ ቀይ አቧራ ይበናል። ቀይ አቧራ ካየሽ በጣም ሄዷል ማለት ነው። ቤቱን ምን ያህል እንደምትወጂው አውቃለሁ። ግን እዚያ ወለል ላይ እንዳትቆሚ። ስትስቂ ስላየሁሽ ነው የምጽፍልሽ፤ ወለሉን በእግርሽ እየመታሽ ነው የምትስቂው…»

ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለችም። ከውጭ የሴት ልጆች ሳቅ መጣ። አውቶቡሱ ሰዓቱ ሳይደርስ፣ በዋናው በር ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ባለው መንገድ ገብቶ ደጁ ላይ ቆሟል። ኦወን የሚጠብቀው በሌላው በር ነው። ያን ሳቅ ስትሰማ ሄስተር በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

በኋላው ደረጃ ሮጠች። ረጅሙ ክፍል ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ መጋረጃዎቹ ታጥበው፣ የጥቅምት ፀሐይ ገብቶበት እንደ ሙሽራ ቤት ያበራል። ግድግዳውን ተደግፋ እየተሳበች ሦስተኛው መስኮት ሥር ደረሰችና ሳንቃውን ጎተተችው፤ ያለ ምንም ችግር ተነሳ። እጇን አስገባች። የሰው ወገብ የሚያህለው ግንድ እርጥብ ዳቦ ሆኖ በጣቶቿ መካከል ፈረሰ።

«ተነሺ» አለ ድምፅ ከበሩ። «ልብስሽ ይቆሽሻል።»

አባቷ ናቸው። አልደነገጡም። ያስበረገጋትም አለመደንገጣቸው ነው።

«ያውቁ ነበር።»

«ሦስት መቶ ዓመት ቆሟል። ለአንድ ከሰዓት በኋላም ይቆማል።»

«ልጆች ሊተኙበት ነው፣ አባባ! የሰው ልጆች!»

«ከፈረሙ በኋላ የእነሱ ቤት ነው፤ ያሠሩታል።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ሽማግሌ ሆነ። «ለግሪብል ልስጠው? ጃይልስ የተወለደበትን ክፍል በመዶሻ? እናትሽ የሞተችበትን? እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት፤ እዚህ ቤት ልጆች ሲሮጡ መስማት። እሱ ከሄደ ጀምሮ ቤቱ ዝም ብሏል። ይሄ ዝምታ ላንቺ አይሰማሽም?»

ይሰማታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አብራቸው ስትሰማው ኖራለች። ለአንድ አፍታ ሳንቃውን መልሳ ልትከድነው እጇን ዘረጋች፤ ስለዚህ እጇ በኋላ ራሷን ስትጠይቅ ኖራለች። በዚያው ቅጽበት ደረጃው ላይ የብዙ ትናንሽ ጫማዎች ኮቴ መጣ።

ሄስተር ተነስታ አባቷን አልፋ በሩ ላይ ቆመች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ግራና ቀኙን ያዘች።

ሚስ ብራይስ ቀልጠፍ ያለች፣ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የሄስተርን እጅ አየች፤ እስከ ክርኗ ቀይ ነው። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«አይግቡ። ወለሉ በስብሷል።»

«ይቅርታ ያድርጉላት ሚስ ብራይስ» አሉ ኮሎኔሉ ከኋላዋ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «ልጄ ታማለች። ሰኔ ላይ አንድ ሰው ትቷት ከሄደ ወዲህ እንዲህ ነች።»

ከልጆቹ አንዷ ኪኪ ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት። ሄስተር ፊቷ ተቃጠለ። እጇን ግን ከበሩ አላወረደችም።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ሰኔ ላይ ልቤ ተሰብሯል። ወለሉም ያኔ የተሰበረ ነበር። አባቴ ሁለቱንም ያውቃሉ።»

ሚስ ብራይስ ሽማግሌውን አየች፤ ልጅቷን አየች። ማንን እንደምታምን ስታመነታ ኮሎኔሉ «እንግዲያው ይመልከቱ!» ብለው ዞሩ። ወደ ክፍሉ መሃል በሰልፍ እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ተረከዛቸውን አንስተው ወለሉን መቱ። «ይኸው!» ደግመው መቱ። «ይኸው!»

በሦስተኛው ምት ቤቱ አቃሰተ።

ጩኸት አልነበረም፤ አሮጌ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚያሰማው ዓይነት ረጅም ድምፅ ነው። ወለሉ ከሥራቸው እንደ ፍራሽ ጎደጎደ። በየሳንቃው መጋጠሚያ ቀይ አቧራ ተነሳና ጫማቸውን ሸፈነው። ኮሎኔሉ የተነሳች እግራቸውን ወደየት እንደሚያሳርፉ አላወቁም።

«ከቦታዎ አይነቃነቁ!»

ኦወን ነው፤ አውቶቡሱ ደጁ ላይ መቆሙን አይቶ ከዋናው በር ሮጦ መጥቶ ያለከልካል። ደረጃውን ሲወጣ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን እያደረገ ነው። «ሚስ ብራይስ፣ በኋላው ደረጃ ሁሉንም ወደ ሜዳው! ከታች ባለው አዳራሽ ማንም እንዳያልፍ! ሄስተር፣ አትግቢ!»

ሄስተር ገባች። እሱ በሆዱ ተኝቶ፣ ግንዱ ገና ጤነኛ በሆነበት በውስጠኛው ግድግዳ ጥግ መሳብ ሲጀምር፣ ከኋላው ተኝታ ቁርጭምጭሚቶቹን ያዘች። «ልቀቂኝ» አላት። «አልለቅም» አለችው። ከዚህ ሌላ አልተነጋገሩም።

«ኮሎኔል፣ በሆድዎ ይተኙ። ቀስ ብለው።»

«አንተ አታዘኝም።»

«አላዝዎትም። እለምንዎታለሁ።»

«የአናጢ ልጅ…» አሉ፤ ቃሉን ግን አልጨረሱትም። ከሥራቸው አንድ ሳንቃ ለብቻው ወደቀ፤ ታች አዳራሽ ላይ እስኪያርፍ ድረስ የወሰደበት ጊዜ ረጅም ነበር።

«አባባ» አለች ሄስተር። «እባክዎን። እኔም እለምንዎታለሁ።»

አዩዋት። ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንዲያ ትኩር ብለው አይተዋት አያውቁም። ከዚያ ያ ቀጥ ብሎ የኖረ ሰውነት ታጠፈ፤ በጉልበታቸው፣ በክርናቸው፣ በመጨረሻ በደረታቸው ተኙ። ጉንጫቸው ቀዩ አቧራ ላይ አረፈ። ኦወን እጁን ዘረጋ። ኮሎኔሉ የተዘረጋውን እጅ አዩት፤ ጠባሳውን፣ የተሰነጠቀውን ጥፍር። ለረጅም ጊዜ አዩት። ያዙት።

ኦወን ጎተተ። ሄስተር ኦወንን ጎተተች። ሚስ ብራይስ ልጆቹን አስወጥታ ተመልሳ፣ መነጽሯን ጥላ፣ ሄስተርን በወገቧ ይዛ ጎተተች። አራቱም በሩ ላይ ተደራርበው ሲወድቁ የረጅሙ ክፍል ወለል ከመስኮቶቹ ጀምሮ ተገምሶ፣ ከነአበባው፣ ከነመጋረጃው ወደ ታች ሄደ። ቀዩ ደመና ተነሳና ፀሐዩን ጋረደው።

ደመናው ሲጠራ ኮሎኔሉ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኦወንን አላመሰገኑትም። የኦወንን እጅ የያዘችውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ያዩዋታል። ከሜዳው የልጆቹ ለቅሶ ይሰማል። «አሥራ ስምንት ናቸው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ሁሉም ደህና ናቸው?» ሄስተር «ሁሉም ደህና ናቸው» አለቻቸው። ያን ጊዜ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ እሷም ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ልትመታቸውም ፈለገች።

በሳምንቱ ኦርልኮትን ግሪብል ወሰደው። እሑድ እንኳ ሳይቀር ሰዎቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው እርሳሱን ሲገፍፉ እስከ መንደሩ ይሰማል። ኮሎኔሉ ሞልቨርን ከተማ ወዳሉት እህታቸው ሄዱ። ወይዘሮ ታጅም አብረው ሄዱ። ባቡር ጣቢያው ላይ ኮሎኔሉ ሄስተርን «ትመጪያለሽ?» አሏት። ትዕዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ሲጠይቋት ይህ የመጀመሪያው ነው። «እጽፍልዎታለሁ» አለች።

ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ኦወን እናት ቤት ሄደች። አሮጊቷ በሩን ከፍተው ሻንጣዋን አዩ፤ ፊቷን አዩ፤ «እኔ ዶሮዎቹን ልይ» ብለው ሻርፓቸውን ሳይለብሱ ወጡ። ዶሮዎቹን ለማየት አንድ ሰዓት ፈጀባቸው።

ኦወን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ በወለሉ ሳንቃ የተላጡት ሁለቱም መዳፎቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሻይ ሊቀዳላት ሞከረና አልቻለም፤ እሷ ቀዳች።

«ደብዳቤዎችህን ሁሉ አነበብኳቸው» አለች። «አምስተኛው ላይ ‹ታገቢኛለሽ?› ብለህ ለጠየቅኸኝ መልስ ላመጣልህ ነው የመጣሁት።»

«ቆይ።» እጁን አነሳ። «ከመመለስሽ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። ከዚያ በኋላ ሻንጣሽን ይዘሽ ብትሄጂ አልቀየምሽም።»

ከሩቅ የእርሳሱ ቆርቆሮ ሲገነጠል ተሰማ።

«እጃቸውን ስይዝ…» አለ ጠረጴዛውን እያየ። «አባቴ ትዝ አለኝ። ሥራዬ ትዝ አለኝ። አራቱ ወር። እና አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ብለቃቸው ብዬ አሰብኩ። ማንም አያውቅም ነበር። ‹አዳለጠኝ› ብል ሁሉ ያምነኛል። ሰዉ እዚህ መንገድ ላይ ጀግና እያለ እጄን ይጨብጠኛል፤ እኔ ግን ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። አንቺም ሳታውቂው እሺ እንድትዪኝ አልፈልግም።»

ሄስተር ኩባያዋን አስቀመጠች። ኦወን ፊቷን ለማየት አልደፈረም።

«እኔ እግርህን ይዤ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ወለሉ ሲሰነጠቅ ወደ ኋላ ልጎትትህ ነበር። አንተን ብቻ። እጃቸውን ሳትይዝ በፊት። እሳቸው እዚያው እንዲቀሩ።» ድምፏ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ራሱ አስፈራት። «አባቴ ናቸው፣ ኦወን። ክንዴ እኮ መጎተት ጀምሮ ነበር።»

ቀና አለ። ተያዩ። በሚያዝያ የመለኪያውን ጫፍ ይዘው እንደተያዩት አልነበረም፤ ያኔ ሁለቱም ያማሩ መስለው ነበር የሚተያዩት። አሁን እያንዳንዳቸው በሌላው ዓይን ውስጥ ማንም ሰው ሊያየው የማይገባውን ነገር አዩ፤ አንዳቸውም ዓይናቸውን አላነሱም።

ሄስተር ፋሻውን እንዳታሳምመው ተጠንቅቃ እጇን እጁ ላይ አኖረች። «መልሴ እሺ ነው» አለች። ደረቷ ውስጥ የተነሳው ነገር ደስታ ይሁን ፍርሃት መለየት አልቻለችም፤ እጇን ግን አላነሳችም።